ከላይ ወደ ታች የሚጨምር ጉዳት፦ ተራ ያላቸውን ምድቦች በኮምፒዩተር ስለ መፈተሽ

በዚህ እትም ከሒሳብ ትምህርት አንድ ክፍል እናያለን። ርዕሱ ሲሰማ የዩኒቨርሲቲ ይመስላል፤ ነገር ግን መደመር፣ ማባዛትና ማካፈል የሚችል ተማሪ እርሳስና ወረቀት ይዞ እስከ መጨረሻው ሊከተለው ይችላል። ወላጆችም ከልጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ እንድታነቡት አደራ እላለሁ። ምሳሌው የተወሰደው ብዙዎቻችሁ ከምታውቁት የሥራ ዓይነት ነውና።

1. ጥያቄው

እንደሚታወቀው በጅቡቲ ከተማ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ከዚያም በሐምሌ ወር 2018 ሰፊው ዓለም አቀፍ ነፃ የንግድ ቀጠና ተመረቀ። በዕቅዱ 4,800 ሄክታር የሚሸፍን ሲሆን የመጀመሪያው ምዕራፍ 240 ሄክታር ነው። በእነዚህ ቦታዎች መጋዘን አለ፤ መጋዘን ባለበት ደግሞ ጫኝና አውራጅ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የጅቡቲ የስደተኞች ሕግ ለስደተኛ የመሥራት መብት ስለሰጠ፣ ስለ መጋዘን ሥራ ማወቅ ለእኛም ይጠቅማል።

እንግዲህ እንዲህ እንበል። በአንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶኖች አራት አራት ሆነው ተነባብረዋል። በወሩ መጨረሻ የተጨፈለቁ ካርቶኖች ተገኙ። ካቦው፣ «ወዛደሮቹ እየወረወሩ ነው የሰበሩት» ብሎ ከቀን ክፍያቸው ሊቆርጥ ተነሣ። ወዛደሮቹ ደግሞ፣ «እኛ አልወረወርንም፤ የታችኛው የሚጨፈለቀው የላይኛው ስለሚከብደው ነው» አሉ። የማን ቃል ይታመን?

ነገሩ በጩኸት አይፈታም፤ በመቁጠር ግን ሊፈታ ይችላል። ጉዳቱ የመጣው በመወርወር ከሆነ፣ የላዩም የታቹም ካርቶን በተቀራራቢ መጠን መጎዳት አለበት። በክብደት ከሆነ ግን ከላይ ወደ ታች በወረድን ቁጥር ጉዳቱ እየጨመረ መሄድ አለበት። ልብ በሉ፣ ቁጥሩን ከማየታችን በፊት ሁለቱ ወገኖች ምን እንደሚጠብቁ ለይተን ተናግረናል። ይህ የፍተሻው የመጀመሪያ ደንብ ነው። ቁጥሩን ካየን በኋላ ለቁጥሩ የሚስማማ ታሪክ መፍጠር ለማንም ቀላል ነውና።

2. ተራ ያለው ምድብ ማለት ምን ማለት ነው?

ነገሮችን በምድብ ስንከፍል ሁለት ዓይነት ምድብ እናገኛለን። አንደኛው ተራ የሌለው ነው። ለምሳሌ ሰዎችን በተወለዱበት ከተማ ብንመድብ ጎንደር፣ ደሴ፣ ድሬዳዋ ብለን የቱንም ብናስቀድም ለውጥ የለውም። ሁለተኛው ቅደም ተከተል ያለው ነው። እናቶች በጤና ጣቢያ የምታውቁትን የክንድ መለኪያ አስታውሱ። ከ6 እስከ 59 ወር ያለ ሕፃን ክንዱ ሲለካ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀይ፣ ከ11.5 እስከ 12.5 ከሆነ ቢጫ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ አረንጓዴ ነው። ቢጫ በቀይና በአረንጓዴ መካከል ነው፤ ቦታውን መለወጥ አይቻልም። የትምህርት ክፍል፣ የዕድሜ ክልል፣ የውኃ ቧንቧ ርቀት፣ እንዲሁም የካርቶን ረድፍ እንደዚሁ ተራ አላቸው።

ከምድብ ወደ ምድብ ስንሄድ የምንቆጥረው ነገር በአንድ አቅጣጫ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ ሲሄድ አዝማሚያ አለው እንላለን። አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዳሉት፣ አንዱ እርምጃ ብቻውን ሲታይ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ እርምጃዎቹ በተራ ሲታዩ ግን አቅጣጫቸው ይታወቃል።

3. ቆጠራው

ከ200 ክምር ከእያንዳንዱ አንድ ካርቶን ብቻ በዕጣ መረጥን እንበል። ከየረድፉ 50 ካርቶን ደረሰን። (ቁጥሩ ለትምህርት እንዲመች እኔ ያዘጋጀሁት ነው፤ ከየትኛውም መጋዘን የተወሰደ አይደለም።)

አንደኛ ረድፍ (ከሁሉ በላይ)፦ ከ50 የተጎዳ 3
ሁለተኛ ረድፍ፦ ከ50 የተጎዳ 5
ሦስተኛ ረድፍ፦ ከ50 የተጎዳ 7
አራተኛ ረድፍ (ከሁሉ በታች)፦ ከ50 የተጎዳ 11
ድምር፦ ከ200 የተጎዳ 26፣ ማለትም 13 በመቶ

ከአንድ ክምር አራቱንም ያልወሰድነው ለምንድን ነው? አንድ ክምር ቢናድ አራቱ አብረው ይጎዳሉ። እንዲህ ከሆነ አንድ አደጋ እንደ አራት ይቆጠርና ሒሳቡን ያሳስታል።

ወዛደሮቹ ቁጥሩን አይተው፣ «ይኸው፣ ከ3 ወደ 11 ወጣ» ይላሉ። ካቦው ደግሞ፣ «አጋጣሚ ነው፤ ሳንቲም ስንወረውርም አንዳንዴ ዘውዱ ይበዛል» ይላል። አባባሉ በደፈናው የሚናቅ አይደለም። ስለዚህ አጋጣሚ ብቻውን ይህን ያህል ሊያመጣ ይችል እንደሆነ እንመርምር።

4. ተራውን የሚረሳው ፍተሻ

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚማረው ካይ ስኩዌር የተባለውን ፍተሻ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ረድፉ ለውጥ የማያመጣ ቢሆን 26ቱ ጉዳት ለአራቱ ረድፍ እኩል ሲከፋፈል 6.5 ይደርሳቸዋል። ከ6.5 ያላቸውን ልዩነት እንፈልግ፦ 3 ሲቀነስ 6.5 ኔጌቲቭ 3.5፣ ቀጥሎ ኔጌቲቭ 1.5፣ ቀጥሎ 0.5፣ በመጨረሻ 4.5። እያንዳንዱን በራሱ ስናባዛ 12.25፣ 2.25፣ 0.25 እና 20.25 ይሆናል፤ ድምሩ 35 ነው። ይህን ለ50 × 0.13 × 0.87፣ ማለትም ለ5.655 ስናካፍል 6.19 እናገኛለን። (0.13 የተጎዳው ድርሻ ነው፤ 0.87 ያልተጎዳው።)

ለአራት ምድብ በተለምዶ የሚሠራበት ድንበር 7.81 ነው። 6.19 ከዚያ ያንሳል። በመቶኛ ሲነገር፣ ረድፉ ምንም ለውጥ ባያመጣም እንኳ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የባሰ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየቱ ዕድል ከ100 ጊዜ 10 ያህል ነው። እዚህ ላይ ካቦው፣ «አላልኳችሁም? አጋጣሚ ነው» ብሎ ክፍያውን ሊቆርጥ ይችላል።

ይሁን እንጂ ይህ ፍተሻ አንድ ነገር ረስቷል። ቁጥሮቹ 3፣ 5፣ 7፣ 11 ቢሆኑም፣ ተዘበራርቀው 7፣ 3፣ 11፣ 5 ቢሆኑም መልሱ ያው 6.19 ነው። የሚጠይቀው «ረድፎቹ ይለያያሉ ወይ?» ብሎ ብቻ ነው። የእኛ ክርክር ግን «ወደ ታች ሲወረድ ይጨምራል ወይ?» የሚል ነበር።

5. ተራውን የሚጠይቀው ፍተሻ

ይህን ሁለተኛ ጥያቄ የሚመልሰውን መንገድ ዊልያም ኮክራን እ.ኤ.አ. በ1954፣ ፒተር አርሚቴጅ ደግሞ በ1955 አሳትመዋል። ስለዚህ የኮክራንና የአርሚቴጅ የአዝማሚያ ፍተሻ ተብሎ ይጠራል። አሠራሩ አጭር ነው።

ሀ) ለየረድፉ በተራው መሠረት ነጥብ እንስጥ። ለአራት ረድፍ ኔጌቲቭ 3፣ ኔጌቲቭ 1፣ 1 እና 3 እንበል። እርስ በርሳቸው ያላቸው ርቀት እኩል ነው፤ ድምራቸውም ዜሮ ነው።

ለ) የተጎዳውን ቁጥር በነጥቡ እናባዛና እንደምር። 3 በኔጌቲቭ 3 ሲባዛ ኔጌቲቭ 9፤ 5 በኔጌቲቭ 1 ሲባዛ ኔጌቲቭ 5፤ 7 በ1 ሲባዛ 7፤ 11 በ3 ሲባዛ 33። ድምሩ 26 ይሆናል። (ከጠቅላላው የጉዳት ቁጥር ጋር መመሳሰሉ የአጋጣሚ ነው።) አዝማሚያ ባይኖር ኖሮ ይህ ድምር ወደ ዜሮ ይጠጋ ነበር።

ሐ) 26ን በራሱ እናባዛ፤ 676 ይሆናል።

መ) ነጥቦቹን እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝተን እንደምር፦ 9 + 1 + 1 + 9 = 20። ከዚያም 0.13 × 0.87 × 50 × 20 = 113.1።

ሠ) 676ን ለ113.1 ስናካፍል 5.98 እናገኛለን።

የዚህ ፍተሻ ድንበር 3.84 ነው፤ ምክንያቱም አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቅነው። 5.98 ድንበሩን አልፏል። ረድፉ ለውጥ የማያመጣ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል የበረታ አዝማሚያ በአጋጣሚ የሚታየው ከ1,000 ጊዜ 15 ያህል ብቻ ነው። ቁጥሮቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው ጥያቄው ነው። ከመጀመሪያው 6.19 ውስጥ 5.98ቱ ያለው በዚህ በአንዱ አቅጣጫ ላይ ነበር፤ የፊተኛው ፍተሻ ግን ድንበሩን ለሦስት ዓይነት ልዩነት ስላሰፋው ሳያየው ቀረ።

6. በኮምፒዩተር ሲሠራ

ካርቶኑ 200 ሳይሆን 20,000፣ ረድፉም 12 ቢሆን በእጅ መሥራት ያደክማል። ለዚህ የተዘጋጁ ፕሮግራሞች አሉ። አር የተባለው በኒውዚላንድ የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ መምህራን የነበሩት ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን የጀመሩት ሲሆን ያለ ክፍያ ይገኛል፤ አንዴ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በእርሱ ላይ የተጎዳውን ዝርዝር 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ ቀጥሎም ጠቅላላውን 50፣ 50፣ 50፣ 50 አስገብታችሁ «ፕሮፕ ትሬንድ ቴስት» የተባለውን ትእዛዝ ስትሰጡት 5.98 ብሎ ይመልሳል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ለዓመታት በነፃ ያሰራጨው ኤፒ ኢንፎም ይህን ፍተሻ ይዟል። በኤስ ፒ ኤስ ኤስ ደግሞ «ሊኒየር ባይ ሊኒየር አሶሲዬሽን» በሚል ስም ይገኛል። እርሱ 5.95 ቢያሳያችሁ አትደንግጡ፤ ከ200 አንድ ቀንሶ በ199 ስለሚያሰላ ነው እንጂ ስሕተት አይደለም።

የምትቆጥሩት ነገር «ተጎዳ፣ አልተጎዳ» ሳይሆን የሚለካ ሲሆን፣ ለምሳሌ በየክፍሉ ያሉ ልጆች አንድ ገጽ ለማንበብ የሚፈጅባቸው ደቂቃ ሲሆን፣ ሌላ ፍተሻ ያስፈልጋል። ቴርፕስትራ በ1952፣ ዮንክሄር በ1954 ለየብቻቸው ያወጡት አለ፤ ኩዚክ በ1985 ያወጣውም አለ። ሐሳባቸው ያው ነው፤ ተራውን ይጠይቃሉ።

አሁን ከሁሉ በላይ እንድታስታውሱት የምፈልገውን ልንገራችሁ። ኮምፒዩተሩ ተራውን አያውቅም። የረድፉን ስም በቃል ጽፋችሁ ሠንጠረዥ እንዲያወጣ ብታዙት በፊደል ተራ ይደረድራል። በሀ ሁ ተራ ሲደረደር ሁለተኛ በ«ሀ» ቤት ስላለ ይቀድማል፤ ቀጥሎ ሦስተኛ፣ ቀጥሎ አራተኛ፣ መጨረሻ ላይ አንደኛ ይመጣል። እንዲሁም ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ ብትሉት፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ፣ ዝቅተኛ ብሎ ይደረድረዋል።

ይህ ስሕተት ምን ያህል እንደሚጎዳ እንየው። በተሳሳተው ተራ ቁጥሮቹ 5፣ 7፣ 11፣ 3 ይሆናሉ። በነጥቦቹ ስናባዛ ኔጌቲቭ 15፣ ኔጌቲቭ 7፣ 11 እና 9 ይመጣል፤ ድምሩ ኔጌቲቭ 2 ነው። በራሱ ሲባዛ 4፣ ለ113.1 ሲካፈል 0.04 ገደማ። አዝማሚያው ድራሹ ጠፋ! ኮምፒዩተሩም «ተሳስታችኋል» አይልም፤ ሰዎቹም ባልሠሩት ጥፋት ክፍያቸው ይቆረጣል። ስለዚህ ምድቦቹን በቃል ሳይሆን 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብላችሁ አስገቡ፤ መልሱን ከማንበባችሁ በፊትም ሠንጠረዡ በትክክለኛው ተራ መውጣቱን በዓይናችሁ አረጋግጡ።

7. የምድቦቹ ርቀት

ካርቶኖቹ እኩል ስለሆኑ እኩል ርቀት ያለው ነጥብ ሰጠን። ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። ከአገራችን አንድ እውነተኛ ምሳሌ እንውሰድ። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያነሰ፣ ማለትም የቀነጨሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 58 በመቶ፣ በ2005 51 በመቶ፣ በ2011 44 በመቶ፣ በ2016 38 በመቶ ነበሩ። ዓመታቱም ተራ ያላቸው ምድቦች ናቸው፤ ነገር ግን በመካከላቸው ያለው ጊዜ 5፣ 6 እና 5 ዓመት ነው። ስለዚህ ነጥቡ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ከሚሆን 0፣ 5፣ 11፣ 16 ቢሆን ይሻላል። የቅነሳውን ፍጥነት ስናሰላም በመጀመሪያው ክፍል በዓመት 1.4፣ በሁለተኛው 1.2 ገደማ፣ በሦስተኛው 1.2 ነጥብ ነው።

አዝማሚያው ግልጽና የሚያስደስት ነው። ሆኖም በ2019 በተደረገው አነስተኛ ጥናት ቁጥሩ 37 በመቶ ሆነ፤ በሦስት ዓመት አንድ ነጥብ ብቻ መቀነሱ ነው። ትናንት ሲወርድ የነበረ ቁጥር ነገም በዚያው ፍጥነት ይወርዳል ብሎ ፍተሻው ዋስ አይሆንም።

8. ሁለት ማስጠንቀቂያዎች

አንደኛ፣ አስቀድማችሁ ቁጥሩን ተመልከቱ። ጉዳቱ 11፣ 2፣ 2፣ 11 ቢሆን ኖሮስ? በነጥቡ ስናባዛ ኔጌቲቭ 33፣ ኔጌቲቭ 2፣ 2 እና 33፤ ድምሩ ዜሮ ነው። የአዝማሚያው ፍተሻ «ምንም የለም» ይላል። ተራውን የሚረሳው ፍተሻ ግን 14.3 ይሰጣል፤ ከ7.81 በእጅጉ ይበልጣል። ከላይና ከታች የሚጎዳ ነገር አለ ማለት ነው። አቅጣጫ የለም ማለት ልዩነት የለም ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፣ አዝማሚያ መታየቱ ምክንያቱን ብቻውን አያረጋግጥም። ካቦው ብልህ ከሆነ፣ «የታችኞቹ መጀመሪያ የተጫኑ ናቸው፤ ያኔ ሠራተኛው ሲጣደፍ ነበር» ወይም «ከወለሉ እርጥበት አግኝቷቸው ነው» ሊል ይችላል። ይህም ሊሆን የሚችል ነው። መልሱ እንደገና መሞከር ነው። በሚቀጥለው ወር ካርቶኖቹ በፓሌት ላይ ይቀመጡ፤ ቁመታቸውም ከአራት ወደ ሦስት ይቀነስና ይቆጠር። የታችኛው ረድፍ ጉዳት ከቀነሰ የወዛደሮቹ ቃል ይበልጥ ይጠነክራል።

በዓለም ላይ የታወቀ ምሳሌም አለ። ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት ጥናት በለንደን ሆስፒታሎች 649 የሳምባ ካንሰር የያዛቸውን ወንዶችና ሌሎች 649 ታማሚ ወንዶችን ስለ ማጨስ ጠየቁ። ጭራሽ ከማያጨሱት የካንሰሩ ታማሚዎች 2 ሲሆኑ ከሌሎቹ ወገን 27 ነበሩ። በቀን ከ1 እስከ 4 ሲጋራ ያህል የሚያጨሱ 33 ለ55፣ ከ5 እስከ 14 የሚያጨሱ 250 ለ293፣ ከ15 እስከ 24 የሚያጨሱ 196 ለ190፣ ከ25 እስከ 49 የሚያጨሱ 136 ለ71፣ 50ና ከዚያ በላይ የሚያጨሱ 32 ለ13 ነበሩ። ሚዛኑ በየደረጃው ወደ ታማሚዎቹ ወገን ሲያጋድል ታያላችሁ። ይሁን እንጂ ሁለቱ ሰዎች በዚህ አልቆሙም፤ ከ1951 ጀምሮ የእንግሊዝ ሐኪሞችን ለብዙ ዓመታት ተከታትለው እንደገና አረጋገጡ። አዝማሚያው ወዴት መመልከት እንደሚገባ አሳያቸው፤ እርግጠኛ ያደረጋቸው ግን ተደጋጋሚው ሥራ ነው።

9. የቤት ሥራ

ሀ) በክፍላችሁ ያሉትን የመቀመጫ ረድፎች ከሰሌዳው አጠገብ ጀምራችሁ 1፣ 2፣ 3፣ 4 በሏቸው። በየረድፉ ስንት ተማሪ እንዳለና ከእነርሱ ስንቱ ሰሌዳውን አጥርቶ ማንበብ እንደሚቸግረው ጠይቃችሁ ጻፉ። ከመቁጠራችሁ በፊት ምን እንደምትጠብቁ በደብተራችሁ ላይ አስፍሩ።

ለ) የተማሪው ቁጥር በየረድፉ እኩል ካልሆነ ከላይ ያሳየሁት አጭር ሒሳብ አይሠራም፤ ቁጥሩን ይዛችሁ ወደ እኔ ኑና በኮምፒዩተር አብረን እንሠራዋለን።

ሐ) ወላጆች፣ በሥራ ቦታችሁ «ይህ ጉዳት የማን ነው?» የሚል ክርክር ሲነሣ ወዲያው መልስ ከመስጠታችሁ በፊት የት የት እንደ ደረሰ በተራ ጻፉት። ቀኑን፣ ረድፉን፣ የተጎዳውንና ያልተጎዳውን ሁለቱንም ቁጠሩ። ያልተጎዳው ካልተቆጠረ ሒሳቡ ሊሠራ አይችልም። መጻፍ የሚያስቸግራችሁ ብትኖሩ ልጆቻችሁ ይጽፉላችኋል፤ ይህን ጽሑፍ ያነበበ ተማሪ ሠንጠረዡን ማዘጋጀት ይችላል።

መልካም ንባብ፣ መልካም ቆጠራ።